የማን ዳጣ ነው?

ስለ ዳጣ ሲወራ ጨዋታው የሚጀመረው ከብሔር ስም ነው። ወላይታ የእኔ ነው ይላል፤ ሲዳማም እንዲሁ፤ ሐዲያና ከምባታም ከቆጮው ጎን ያስቀምጡታል። በዚህ ሙግት መካከል ግን የሠራችው ሴት ተረስታለች።

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ገበያ የወጣች ገዢ ብሔር አትሸምትም፤ እጅ ትሸምታለች። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ድምብላሉና በሶብላው ከቤት ቤት እምብዛም አይለያይም። ልዩነቱ ያለው ወፍጮው ድንጋይ ላይ ነው። አንዷ አልማ ትፈጨዋለች፤ ሌላዋ ጥርስ እንዲያገኘው ሸካራ ትተወዋለች፤ ሦስተኛዋ ጤና አዳሙን ታበረታዋለች። ገዢዋ በጣቷ ጫፍ ቀምሳ «ዝንጅብሉ በዝቷል» ትላለች፤ ያውም በሠሪዋ ፊት። ሂስ ማለት ይኸው ነው።

ዳጣ በጥቂት በጥቂቱ መሠራቱም የአቅም ማነስ ብቻ አይደለም። እርጥብ ቅመም ሲሰነብት መዓዛው ይጠፋል። ስለዚህ ባለሙያዋ በትናንት ዝናዋ አትኖርም፤ በየገበያው ቀን እንደ አዲስ ትፈተናለች። ስንቶቻችን ጸሐፍት ይህን እንችለዋለን?

ለድርሰት ደራሲውን እንጠይቃለን። ለዳጣ ግን ብሔሩን ጠይቀን እናልፋለን። «የማን ዳጣ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ የአንዲት ሴት ስም ነው።