ጀልባውን በሚኒባስ ስተካው

ሰሞኑን «አንድ ቀን በእንትን ደሴት» የሚሉ የጉዞ ጽሑፎች ላይ ተጥጄ ነው የከረምኩት። አብዛኞቹ ስለ ሃይድራ ነበሩ፤ ከአቴንሷ ወደብ ከፒሬየስ በጀልባ የሚኬድባት የግሪክ ደሴት። ቅርጹን ታውቁታላችሁ። ጸሐፊው ጠዋት ከጀልባ ይወርዳል፣ ወደቡ ዳር ቡና ይጠጣል፣ በነጫጭ ቤቶች መካከል ደረጃ ይወጣል፣ አህያ ያያል (ሃይድራ ላይ የቤት መኪና የለም፣ ሻንጣ የሚሸከሙት አህያና በቅሎ ናቸው)፣ ዓሣ ይበላል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ይመሰጣል፣ ይመለሳል።

እኔም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኳቸው። ግን ኮድ ሲጽፍ የሚያድር ሰው አንድ ክፉ አመል አለበት፤ ተደጋጋሚ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። አንዱን ጽሑፍ ገልብጬ «ሃይድራ» የሚለውን በሙሉ በ«ቆቦ» ተካሁት። «ጀልባ»ን በ«ሚኒባስ»፣ «ዓሣ»ን በ«ጥብስ»። የትኛው ዓረፍተ ነገር ሳይወድቅ እንደሚቀር ለማየት ያህል ነው።

የሚገርመው ብዙው ቆመ። ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ቆቦ ስትደርሱ መውረድ አለ፣ ቡና አለ፣ አህያ አለ፣ እንዲያውም ግመል አለ። «ሰዎቹ እንግዳ ተቀባይ ናቸው» የሚለውማ ፊደል ሳይነካበት አለፈ። ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ለሁለቱም እኩል ከሠራ፣ ስለሁለቱም ምንም አላለም ማለት ነው።

መጀመሪያ የወደቀው የጀንበሯ አንቀጽ ነው። ቆቦን ከምዕራብ በኩል ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ ጀንበር ገና ሳትደክም ከተራራው ጀርባ ትገባለች። የእኛ ጀንበር የጠዋቷ ናት፣ በዞብል ተራሮች በኩል ብቅ ስትል። የቀን መንገደኛ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገና መንገድ ላይ ነው።

ቀጥሎ የወደቀው ዓሣ አጥማጁ ነው፤ መረቡን እየጠገነ ፎቶ የሚነሳው ሽማግሌ። በእሱ ቦታ ገበሬ ላስገባ ብዬ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ የሚዘራ ሰው ልቡ ያለው ጠለፋው ላይ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ በእነ ጎሊና፣ በእነ ሆርማት ወርዶ ሜዳው ላይ ይደርሳል፤ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ ገድቦ ወደ ማሳው ይጠልፈዋል። ስለዚህ ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል ማሳው ሊጠጣ ይችላል። ጎርፉ ሌሊት ከመጣ ሰውም ሌሊት ነው የሚወጣው። ግድቡን ከሰበረው እንደገና መሥራት ነው። የላይኛውና የታችኛው ማሳ ደግሞ ውሃው እኩል አይደርሳቸውም፤ እዚያ ላይ ተራ አለ፣ ጭቅጭቅ አለ፣ ሽማግሌ አለ። (በቆቦ ጊራና ሸለቆ አሁን የጉድጓድ መስኖም አለ። እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።)

«ታዲያ የትኛው ቀን ብመጣ አየዋለሁ?» አልኳቸው።

«ደጋው የሚዘንብበትን ቀን አንተ ንገረኝ፤ እኔም ቀኑን እነግርሃለሁ።»

የአንድ ቀን ጽሑፍ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የሚይዘው በየቀኑ የሚደገመውን ብቻ ነው፤ ጀልባውን፣ ቡናውን። ኑሮው የተንጠለጠለበት ነገር ግን የጊዜ ሰሌዳ የለውም። ሃይድራ ራሷም ተበድላለች። ስሟ ከውሃ ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ የሚጠጣ ውሃ ያጠራት ደሴት ናት፤ ለረጅም ጊዜ ውሃ በመርከብ ይመጣላት ነበር። ካነበብኳቸው ውስጥ አንዱም ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። ባሕሩ ሰማያዊ መሆኑን ግን ሁሉም ነግረውኛል።

ታዲያ ብዙ የቆየ መንገደኛ ይሻላል? ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ በትግራይና በአንጎት በኩል ወደ ደቡብ ተጉዞ፣ ስድስት ዓመት አገራችን ቆይቷል፤ መጽሐፉ በ1540 ታተመ። ጨው እንደ ገንዘብ ሲዞር፣ ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው እንዴት እንደሚወደድ ሲጽፍ ግሩም ነው፤ አንድ ዕቃ ተከትሎ አገር ያሳያችኋል። የዶባን ቆላ በሚመለከት ግን፣ እዚያ ያለ ወንድ አሥራ ሁለት ክርስቲያን መግደሉን ሳያስመሰክር አያገባም ይለናል። ሠርጋቸውን አይቶ የጻፈው አይመስለኝም። ስድስት ዓመትም ቆይቶ ሰው በወሬ ሊጽፍ ይችላል ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ለምን ከነከነኝ? የ2013 ዓ.ም. ጳጉሜን ቆቦ ላይ የትግራይ ተዋጊዎች ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ከተማዬ ለውጭ ሰው ዜና ብቻ ናት፤ «ተያዘች»፣ «ተለቀቀች»። ቢሮ ውስጥ «ቆቦ ግን ምን አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር ያን የደሴት ጽሑፍ ስገለብጥ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ለአንድ ቀን እንኳ ቡናና ጀንበር ያላት ከተማ ሆና እንድትነበብ አምሮኝ ነበር። አሁንም ያምረኛል፤ ምኞቱ ነውር አይመስለኝም።

የተካሁትን ረቂቅ በስልክ ለአጎቴ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«ግመሉ የማን ነው?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ያን አንቀጽ አወጣሁት። የቡናው ለጊዜው እዚያው አለ።