ትንፋሽ የሚከፍተው ቫልቭ

ከቦሌ የሚነሳ ቦይንግ 787 ሽቅብ ሲወጣ ተሳፋሪው የሚተነፍሰው አየር ይወፍራል እንጂ አይሳሳም። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ይህ አውሮፕላን ደግሞ ካቢኑ ውስጥ ያለውን ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አድርጎ ይይዛል።

ያ ግፊት ድንገት ቢጠፋ አብራሪው እጁን የሚሰደው ከመቀመጫው ጎን ወዳለው ጭምብል ነው። ደንቡ በአንድ እጅ፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ ፊት ላይ ይግባ ይላል። ቀያዮቹን መያዣዎች ጨምቆ ሲስበው ማሰሪያው በኦክስጅን ተነፍቶ ይሰፋል፤ ሲለቀው ጭንቅላቱን ግጥም አድርጎ ይይዘዋል። ማሰሪያው ዓይን ይስባል፤ እኔ ግን የምደነቀው ከፊት በተቀመጠው ቫልቭ ነው።

ዘመዱ ያለው ጠላቂ ዋናተኛ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ኤሚል ጋኛንና ዣክ ኩስቶ የሞከሩት መተንፈሻ መነሻው ቤንዚን በጠፋበት የጦርነት ዘመን መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚያደርግ ቫልቭ ነበር።

ቀላሉ ዓይነት እንዲህ ይሠራል። ጠላቂው ሲስብ ስስ የጎማ ዲያፍራም ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ማንሻውን ይጫናል፤ ማንሻው መክደኛውን ከመቀመጫው ያላቅቃል፤ ትንፋሹ ሲያበቃ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። አየሩ መክደኛውን ለመክፈት ስለሚገፋ ሞላው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ሞላው በጠነከረ ቁጥር ደግሞ ሳንባ ይለፋል። የተሻሉት ሠሪዎች መክደኛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሱት። አየሩ በቀዳዳው አልፎ ከኋላም ስለሚገፋ ሞላው ሊሳሳ ቻለ። ይህችን ቀዳዳ ያሰበ ሰው ምነው በአካል ባገኘሁት!

በሦስተኛው ስልት ትንፋሽ ዋናውን ቫልቭ አይነካም። የሚከፍተው ትንሿን ረዳት ቫልቭ ነው፤ ከዋናው ጀርባ የታመቀው አየር በእሷ በኩል ሲያመልጥ ዋናው በገዛ ግፊቱ ይከፈታል። የስዊድኑ ፖሲዶን ኩባንያ ጄትስትሪም በዚህ መንገድ ይሠራል፤ የአብራሪ ጭምብልም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ወገን ነው። ረቂቅነቱን አልክድም። ለራሴ ምረጥ ብባል ግን ቀላሉን እወስዳለሁ፤ ከሲሊንደሩ የሚመጣው ግፊት ከልክ ቢያልፍ መክደኛው ራሱ ከፍቶ ያስተነፍሰዋል፣ ቱቦው አይፈነዳም።

ጠላቂው በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ሲጨመርበት ውኃው ራሱ ዲያፍራሙን እየተጫነ ቫልቩን ያስተካክልለታል። አብራሪ ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ጭምብሉ ውስጥ አየሩ የተመጠጠ የብረት ካፕሱል አለ። ዙሪያው ያለው አየር ሲሳሳ ካፕሱሉ እየተነፋ የካቢኑን አየር መግቢያ ያጠብበዋል፤ ኦክስጅኑ ይበዛል። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ኮምፒውተር።

አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ቫልቩ አለማፍሰሱን የሚፈትሸው ቁልፍ ተጭኖ ነው። የፍሰት ምልክቷ ብቅ ብላ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች ቫልቩ እያፈሰሰ ነው፤ ጭምብሉም ሳይለወጥ ወይም ሳይጠገን በረራ የለም።