«የለም» ስለሚለው መልስ
በዩኒክስ የመምሪያ ገጾች ላይ የቀረበ ሂስ

የዩኒክስ መምሪያ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በኖቬምበር 3 ቀን 1971 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያዘጋጁትም የቤል ቤተ ሙከራ ባልደረቦች ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። መጽሐፉ አንድ የሚያስመሰግን ጠባይ አለው፤ ይኸውም የትእዛዙን ስም፥ አጻጻፍና ተግባር ከገለጸ በኋላ፥ «ጉድለቶች» በሚል ርእስ ሥር የሥራውን እንከን ራሱ ሠሪው መናገሩ ነው።

ሂሳችን ይህን መምሪያ በኮምፒዩተር ላይ ገልጦ በሚያሳየው «ማን» በተባለው ትእዛዝ ላይ ነው። (ስሙ በአማርኛ ጥያቄ ቢመስልም፥ መምሪያ ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው።) የተፈለገው ገጽ ሲታጣ ትእዛዙ «መምሪያ የለም» ብሎ ዝም ይላል። ይህ «የለም» ግን ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ነገሮችን ይሸፍናል።

አንደኛ፥ መግለጫው በሌላ ስም ሥር ተጽፎ ይሆናል። ለምሳሌ «ሲዲ» የተባለው ትእዛዝ በሼሉ በባሽ ውስጥ ያለ ስለ ሆነ፥ የሚገኘው በባሽ ገጽ ወይም «ሄልፕ ሲዲ» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ሁለተኛ፥ ገጹ አልተጫነ ይሆናል። በደቢያን ላይ «ፕሪንትኤፍ» ብሎ የጠየቀ በክፍል 1 ያለውን ትእዛዝ ያገኛል፤ በክፍል 3 ያለውን የሲ ቋንቋ ተግባር ግን ለፕሮግራም ሠሪዎች የተዘጋጀው የመምሪያ ጥቅል ካልተጫነ አያገኝም። ሦስተኛ፥ ገጹ በዲስኩ ላይ ሳለ የሚፈለገው ሌላ ስፍራ ይሆናል፤ «ማንፓዝ» የተባለው ተለዋዋጭ በስሕተት ከተሞላ የተለመዱት ማኅደሮች ይዘለላሉ። አራተኛ፥ ገጾቹ ቦታ ለመቆጠብ ሆን ተብለው ተወግደው ይሆናል። ለኮንቴይነር በሚዘጋጁት በቀጫጭኖቹ የደቢያን ኢሜጆች ላይ «ማን»ን ኋላ ቢጭኑት እንኳ ገጾቹ አይመጡም፤ ጥቅል ጫኙ እንዲዘላቸው ታዝዟልና።

የመጀመሪያው መድኃኒት አስተካክሎ መጠየቅ፥ የሁለተኛው መጫን፥ የሦስተኛው ማረም፥ የአራተኛው የተሰጠውን ትእዛዝ መሻር ነው። መድኃኒታቸው የተለያየ አራት ሕመሞችን በአንድ ስም መጥራት ሐኪሙን ያሳስታል።

ሰው በማይገባበት ማሽን ላይ መምሪያ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። እኛም መቆጠቡን አንቃወምም፤ የምንቃወመው ዝምታውን ነው። ኡቡንቱ በተቀነሰው ኢሜጁ ላይ ገጽ ለጠየቀ ሰው ይዘቱ እንደ ተቀነሰ ገልጦ፥ የሚመልሰውን ትእዛዝ ይጠቁመዋል። እንግዲህ እውነቱን መናገር የሚቻል ነው።

ጉዳቱ በጀማሪ ላይ ይብሳል። ዐዋቂው «የለም» ሲባል ክፍሉንና ስፍራውን ይመረምራል፤ ጀማሪው ግን ነገሩ ከቶ እንዳልተጻፈ አምኖ ይተወዋል። ኢንተርኔት በተቋረጠ ሰዓትም ከዚህ መምሪያ ሌላ አስተማሪ የለውም።

«ማን» የገጹን መጥፋት ምክንያት ሁሉ ሊያውቅ አይችልም ይባል ይሆናል። የፈለገበትን ስፍራ ግን ያውቃል። ስለዚህ በኛ አስተያየት፥ የትኞቹን ማኅደሮች እንደ ፈተሸና የትኞቹ ባዶ እንደ ሆኑ ሳይጠየቅ ሊናገር ይገባዋል። የትእዛዞችን ሁሉ ጉድለት ሲመዘግብ የኖረ መጽሐፍ፥ የገዛ ራሱን ጉድለት ሊደብቅ አይገባውም።