ከአየር የሚወጣ አልትራቫዮሌት

ናይትሮጅን ሌዘር ለሚሠራ ሰው ጋዙ በነፃ ነው፤ ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነውና። ከታች አንድ የብረት ሉህ፣ በላዩ ስስ ፕላስቲክ፣ ከዚያም በጠባብ ክፍተት የሚተያዩ ሁለት የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች፣ ሁለቱን የምታገናኝ ጥምዝ ሽቦ፣ በአንዱ ዳር የብልጭታ ማብሪያ፣ 10 ኪሎ ቮልት ገደማ የሚሰጥ ምንጭ። ዕቃው ይኸው ነው።

ተማሪዎች ብርሃኑ ሲደክምባቸው ቮልቴጅ መጨመር ይቀናቸዋል። እኔ የማብሪያውን ሽቦ አሳጥራለሁ። የተነቃቃ ናይትሮጅን በተራ የአየር ግፊት ጉልበቱን ይዞ የሚቆየው ለአንድ ሁለት ናኖ ሰከንድ ነው። ኤሌክትሪኩ ከዘገየ ጩኸትና ብልጭታ እንጂ ሌዘር የለም። ረጅም ሽቦ ያዘገየዋል፤ ሰሌዳው ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነውም ለዚህ ነው።

ጨረሩ 337.1 ናኖ ሜትር ላይ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ይጎዳዋል እንጂ። መኖሩን የምናውቀው ነጭ ወረቀት ላይ በሚፈካው ሰማያዊ ነጥብ ነው። ቶኒክ ውሃም ይፈካል፤ የሚያበራው በውስጡ ያለው ኩዊኒን ነው። አርባ ምንጭ ላይ ወባን የማያውቅ ስለሌለ ወሬው ወደ መድኃኒቱ ታሪክ ይሄድብኛል፤ አልከለክልም።

እዚህ ሥራውን የሚለየው ከፍታው ነው። ብልጭታ የሚዘልበት ቮልቴጅ በግፊትና በክፍተት ብዜት እንደሚወሰን ፍሬድሪክ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 አሳይቷል። ከበይነ መረብ የሚገኙ ንድፎች የባሕር ጠለልን አየር ታሳቢ ያደርጋሉ። እዚያ 3 ሚሊ ሜትር የሚበቃው ክፍተት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አርባ ምንጭ ወደ 3.5 ይሰፋል፤ ጨንቻ ከወጣን ከ4 ያልፋል። የኩልፎን ወንዝ ተከትለን ከጋሞ ተራሮች ወደ ጫሞ ሐይቅ ብንወርድ አየሩ እየወፈረ ክፍተቱም እየጠበበ ይሄዳል። የቆላው ሙቀት ደግሞ አየሩን ያሳሳዋል። ስለዚህ ከወረቀት ላይ ቁጥር አልገለብጥም፤ በቦታው እለካለሁ።

መለኪያዬ የብርሃኑ መልክ ነው። ሐምራዊው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ከሆነ ጥሩ። አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ ክፍተቱ እዚያ ጠቧል። ምንጩን አጠፋለሁ፤ ሰሌዳዎቹ ያዘሉትን ኤሌክትሪክ በተሸፈነ እጀታ አራግፋለሁ፤ ከዚያ በፕላስቲክ ዘንግ መታ መታ አድርጌ አስተካክላለሁ።

ሃይንሪች ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በ1887 የአንድ ብልጭታ ብርሃን ሌላውን ብልጭታ እንደሚያግዝ አይቷል፤ መስታወት ሲጋርደው እገዛው ቀርቷል፣ ኳርትዝ ግን አላገደውም። አልትራቫዮሌቱ ከብረቱ ኤሌክትሮን ያወጣል። እኔም በማብሪያውና በሰሌዳዎቹ ክፍተት መካከል መስታወት አላቆምም።