ማስተሩ ከመከሰሱ በፊት

ያረጀ ላንድክሩዘር ይዞ ቃሊቲ ጋራዥ የሚመጣ ሹፌር ብዙ ጊዜ ከበሽታው ጋር መድኃኒቱንም ይዞ ይመጣል። «ፍሬኑ ይሰምጣል፤ ማስተሩን ቀይርልኝ» ይላል። ማስተሩ ኮፈኑ ሲከፈት ፊት ለፊት ስለሚታይ ይከሰሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ከሹፌሩ እግር የራቀውን፣ የኋላውን ታምቡር ነው።

ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ሞተሩን አጥፍቼ ፔዳሉን እረግጣለሁ። ሁለተኛው ርግጫ ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ከያዘና ጠንክሮ ከቆመ፣ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ከፍ ብሎም እየነጠረ እግር የሚመልስ ከሆነ አየር ገብቷል። እግሬን ሳላነሳ ቀስ እያለ ከወረደ ዘይት የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ጎማዎቹና ቱቦዎቹ ደረቅ ሆነው ዘይቱም ካልጎደለ፣ ያኔ የማስተሩ ጎሚኒ ይጠየቃል። ሰርቮው በዚህ ክስ የለበትም፤ እሱ ሲደክም ፔዳሉ ይደርቃል እንጂ አይሰምጥም። የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ እዚህ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ስለዚህ የእኛ አገር ፍሬን ትንሽ መክበዱ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ጥርጣሬዬን ለማረጋገጥ ወደ ኋላ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በማይጎዳው መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ፔዳሉ ወዲያው ከፍ ካለ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው።

የኋላ ፍሬናቸው በታምቡር በሆነ የቀድሞ ላንድክሩዘሮች ላይ፣ ሸራው ሲበላ ክፍተቱን የሚያጠበው ማስተካከያ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ሲሳብ ነው። ስንቱ ሹፌር ነው የሚስበው? ማርሽ አስገብቶ ያቆማል፣ ረዳቱ ድንጋይ ታኮ ያደርጋል፣ በቃ። ከታምቡሩ ጀርባ ያለችው ክንድ የክረምቱን ጭቃና የበጋውን አቧራ ጠጥታ ትደርቃለች። ሸራው ይበላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ፔዳሉም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ክንዷን ፈትቼ አጥቤ ግራሶ እቀባታለሁ። ከዚያ በታምቡሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብቼ ጥርሱን አዞራለሁ፤ ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ሸራው መፋቅ ሲጀምር ጥቂት ጥርስ እመልሳለሁ። ብዙ ጊዜ አንዲት ጠብታ ዘይት ሳይጨመር ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አየር ማውጣት የግድ ከሆነ ሁለት ነገር አይረሳም። አንደኛው ከኋላ አክስል በላይ ያለው፣ ግፊቱን እንደ ጭነቱ የሚመጥነው ቫልቭ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ የራሱ የአየር መውጫ ቡሎን አለው፤ ከታለፈ አየሩ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው፣ ረዳቴ ፔዳሉን እስከ ወለል እንዳይረግጥ ሥሩ እንጨት አደርጋለሁ። በአሮጌ ማስተር ውስጥ ጎሚኒው ደርሶበት የማያውቀው ክፍል ዝገት ይይዛል፤ እስከ ወለል ሲረገጥ ጎሚኒው እዚያ ገብቶ ይቀደዳል። ደህና የነበረው ማስተር በእኛው እጅ ይሞታል።

«ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስወርድ ሰመጠ፤ ደጀን ስደርስ ተመለሰ» የሚል ሹፌር ከመጣ ደግሞ ታምቡሩን ትቼ ስለ ዘይቱ ዕድሜ እጠይቃለሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲይዝ ግን ደረጃው ወደ 140 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይይዛል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ዳገቱ ላይ ሲበርድ ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ ዘይቱ ካልተቀየረ ግን በሚቀጥለው ቁልቁለት ይደገማል።

ክፍተቱ በሰፋ ታምቡር ላይ አዲስ ማስተር ቢታሰርም ፔዳሉ መስመጡን አይተውም፤ ባለንብረቱ ሁለቴ ይከፍላል። ስለዚህ ለሹፌሮች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ታኮውን አትተው፣ ግን በቆምክ ቁጥር የእጅ ፍሬኑንም ሳበው። እጀታው ከወትሮው ርቆ መምጣት ከጀመረ ወይም ዳገት ላይ መኪናውን ካልያዘ፣ ፔዳሉ እስኪሰምጥ አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ና።