ለየትኛው ልጅ የተሰፋ ልብስ? የስካንዲኔቪያ የልጆች ዲዛይን ከሽኩና ቤት ሲታይ

የስዊድኑ ኢኬአ በ2018 በቤር ሼቫ ሱቅ ሲከፍት የሰሜን አውሮፓ የልጅ ክፍል እስከ ነገቭ በረሓ ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሌላው የስዊድን ኩባንያ ኤች ኤንድ ኤም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 እስራኤል ገብቷል። ስለዚህ ዛሬ ሽኩና ቤት በተባለው የቤር ሼቫ ሰፈር የሚያድግ የቤተ እስራኤል ልጅ ስሙን ይወቀውም አይወቀው ከስካንዲኔቪያ ዲዛይን ጋር ይኖራል፤ አልጋው፣ የመጫወቻው ሣጥን፣ ባለ መስመር ካናቴራው የዚያ ወግ ውጤቶች ወይም ቅጂዎች ናቸው።

የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ አንድ ነው። የስካንዲኔቪያ የልጆች ልብስና ዕቃ እውነተኛ ዋጋ ያለው ልጅን ሙሉ ሰው አድርጎ በተቀበለ ማኅበራዊ ውል ላይ ነው። ውሉ የት ላይ እንደሚጸና፣ የት ላይ እንደሚፈርስ በደንብ የሚታየው ደግሞ ውሉ ሲጻፍ ካልታሰበ ልጅ አንጻር ሲመዘን ነው። በበረሓ ከተማ፣ በሀገሪቱ የመጀመሪያ ዓመታት በፊደል ተሰይመው ከተሠሩት የመንግሥት የመኖሪያ ሰፈሮች በአንዱ፣ ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ከጎንደርና ከአካባቢው የመጡ ጥቁር ልጅ እንዲህ ያለ ሚዛን ነው።

የውሉ አመጣጥ

ስዊድናዊቷ ጸሐፊ ኤለን ኬይ በ1899 ውበት የሁሉም ሰው ድርሻ ነው የሚል ጽሑፍ አሳተመች፤ በ1900 ደግሞ መጪው መቶ ዓመት የሕፃን ዘመን ይሁን ብላ መጽሐፍ ጻፈች። ሁለቱ ሐሳቦች ተጋብተው የወለዱት ነገር የስካንዲኔቪያን የልጆች ዲዛይን መንገድ አሳየ፤ ቤቱም፣ ወንበሩም፣ ልብሱም ለልጁ ይመጥን፣ መልካም የሆነውም ነገር ለድኻው ልጅ ይድረስ የሚል ነው። በዚያው ዘመን ሠዓሊዋና የጨርቅ ጥበበኛዋ ካሪን ላርሶን ሱንድቦርን በተባለው መንደር ለልጆቿ ሰፋ ያለ፣ የማያጨናንቅ ልብስ ትሠራ ነበር። የአውሮፓ ሀብታም ልጅ በዚያ ጊዜ የሚለብሰው ከአዋቂ ልብስ የተቀነሰ፣ አንገት የሚያንቅ፣ ለፎቶ እንጂ ለሩጫ የማይሆን ነበር።

ሐሳቡ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ወደ ገበያ ገባ። በ1966 በሦስት ሴት ዲዛይነሮች የተመሠረተው ማህ-ዮንግ ለወንድም ለሴትም የሚሆን፣ የሚለጠጥ፣ እዚያው ስዊድን ውስጥ የሚሰፋ ልብስ አቀረበ። ጉኒላ አክሴን በ1976 ፖላርን ኦ ፒሬት ለተባለው የልጆች ልብስ ኩባንያ የነደፈችው ባለ መስመር ካናቴራ ከዚህ መንፈስ የወጣ ነው። ቀለሙ የወንድ ወይም የሴት ተብሎ አልተከፈለም፤ ስፌቱ ከትልቁ ልጅ ወደ ታናሹ፣ ከታናሹም ወደ ሦስተኛው እንዲተላለፍ ተደርጎ የጠነከረ ነው። ኖርዌያዊው ፔተር ኦፕስቪክ በ1972 የሠራው ትሪፕ ትራፕ የተባለ ወንበርም በዚሁ መንገድ የታሰበ ነው። መቀመጫውና የእግር መርገጫው ከፍና ዝቅ ስለሚል ልጁ እግሩ ሳይንጠለጠል ከቤተሰቡ ጋር እኩል ማዕድ ይቀርባል፤ ሲያድግም ወንበሩ አብሮት ያድጋል።

እነዚህ ዕቃዎች የመጡት ሕጉ በተለወጠባቸው ዓመታት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ስዊድን በ1974 የወሊድ ፈቃድን አባትና እናት የሚጋሩት አደረገች፤ በ1979 ልጅን መምታት በሕግ ከለከለች፤ በ1991 ደግሞ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አገደች። ልጅን በጨርቅ ያከበረ ኅብረተሰብ በሕግም አከበረው ማለት ነው። ወደ ውጭ የተላከው ግን በአብዛኛው ጨርቁ ነው። የሽኩና ቤት ወላጅ ከሱቅ መደርደሪያ መስመሩንና የእንጨቱን ቀለም ያገኛል፤ የአባትየውን የፈቃድ ወራት ግን በዚያ ዋጋ ማንም አይሸጥለትም።

አንቀልባና የስዊድኑ ማዘያ

ሁለቱን ወጎች ጎን ለጎን ለማየት ከማዘያ የተሻለ ዕቃ የለም። ቢዮርን ያኮብሶን በ1961 የመሠረተው ቤቢቢዮርን የመጀመሪያውን የደረት ማዘያ በ1973 አወጣ። የሕፃንና የወላጅ ቅርበት ለጤናና ለፍቅር ይጠቅማል የሚለው የሐኪሞች ሐሳብ በዚያ ጊዜ በምዕራቡ ዓለም እየተሰማ ነበር። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስም ቶጎ ውስጥ ያየችውን የእናቶች አስተዛዘል መሠረት አድርጋ በ1960ዎቹ መጨረሻ የራሷን ማዘያ ሠርታለች። በአፍሪካ ዘወትር የሚሠራበት ዕውቀት በምዕራቡ ዓለም እንደ አዲስ ግኝት ለገበያ ቀረበ።

የሰሜኑ ኢትዮጵያ አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ፣ ጠፍሩ በትከሻ አልፎ ደረት ላይ የሚታሰር፣ ብዙ ጊዜ በዛጎልና በጨሌ የሚያጌጥ ነው። እንደ ዲዛይን ስንመረምረው ብልህ ሥራ ነው። የሕፃኑን ክብደት በጀርባና በወገብ ላይ ያሳርፋል፤ የሕፃኑ ጉልበቶች የእናትን ወገብ አቅፈው ተከፍተው ይቀመጣሉ፤ ሁለት እጆች ለወፍጮ፣ ለእንስራ፣ ለምድጃ ነጻ ይሆናሉ። ዛጎሉ ደግሞ ልጁ የቤቱ ጌጥ መሆኑን ለመንገደኛ ሁሉ ይናገራል። አንድ ጥሩ ዲዛይን ሊያሟላ የሚገባውን ሦስት ነገር ማለትም አካልን፣ ሥራንና ክብርን በአንድ ቁራጭ ቆዳ አሟልቷል።

ይሁን እንጂ ወጋችንን ስናወድስ ማን ይሸከም እንደነበር መዘንጋት የለብንም። አንቀልባውን የሚታጠቁት እናትና አያት ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ራሷ ገና ልጅ የሆነች ታላቅ እህት ታናሿን ታዝላለች። አባት ልጁን አዝሎ ገበያ ሲወጣ የታየበት መንደር ብርቅ ነው። በ1970ዎቹ የስዊድን መንግሥት አባቶችን ወደ ልጅ ማሳደግ ለመጥራት ባሳተመው ፖስተር ላይ የቆመው ጡንቻው የፈረጠመ ክብደት አንሺ ነው፤ ክንዱ ላይ ሕፃን ታቅፏል። ማዘያው የአባት ዕቃ መሆን የቻለው በዚህ ዓይነት የሕዝብ ትምህርትና በሕግ ድጋፍ ነው። ከአንቀልባ አካልን የሚያውቅ ብልሃት፣ ከስዊድኑ ማዘያ የሸክሙን መጋራት መውሰድ ይቻላል። አንዱን ለሌላው መጣል ግን ሁለቱንም ማጉደል ነው።

በረሓ፣ ነጭ ልብስና ስግድ

ስዊድናውያን መጥፎ የአየር ጠባይ የለም፣ መጥፎ አለባበስ እንጂ የሚል አባባል አላቸው። ልጆቻቸው በዝናብና በበረዶ ውጭ እንዲጫወቱ ውኃ የማያሳልፍ ቱታ፣ በጨለማ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ፣ በቀላሉ የሚለበስ ሱሪ የሠሩት ከዚህ እምነት ተነሥተው ነው። ቤር ሼቫ በዓመት የሚዘንብላት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ33 ዲግሪ ያልፋል። ያንን ቱታ እዚህ ማልበስ ሐሳቡን አለመረዳት ነው። ሐሳቡን የተረዳ ዲዛይነር ለዚህ ሰፈር ልጅ የሚሠራው ቀጭን፣ ሰፊ፣ ላብ የሚመጥጥ፣ ክንድን ከፀሐይ የሚሸፍን የጥጥ ልብስ ነው።

እንዲህ ያለው ጨርቅ ደግሞ በቤታችን አለ። በእንዝርት ተፈትሎ በሸማኔ እጅ የተሸመነ ሸማ አየር ያሳልፋል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ሲታጠብ እየለሰለሰ ይሄዳል። ሽመና በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ ለነበሩ የቤተ እስራኤል ወንዶች ከዋና መተዳደሪያዎች አንዱ እንደነበረም ይታወቃል። ታዲያ ይህ ዕውቀት በሽኩና ቤት ልጅ ገላ ላይ የሚታየው በዓመት ስንት ቀን ነው? በማኅበረሰቡ በዓል በስግድ፣ በሠርግ፣ በባር ሚጽቫ ብቻ። ስግድ በ2008 በእስራኤል ምክር ቤት በክኔሴት የመንግሥት በዓል ሆኖ ከታወቀ ወዲህ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ሴት ልጆች በጋን (በመዋለ ሕፃናት) እና በትምህርት ቤት በኩራት ይታያሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእናቶቻቸው ትውልድ በክፍል ጓደኞች ፊት የወላጅን ልብስ መልበስ ቀላል አልነበረም።

ነገር ግን ቀሚሱን በዲዛይን ዓይን እንየው። ለትንሽ ልጅ የሚሰፋው የሐበሻ ቀሚስ በአብዛኛው የእናትየው ቀሚስ ቁመቱ አጥሮ ነው። የደረቱ ጥልፍ ጠንካራ ነው፣ አንገት ይቆረቁራል፤ ታቹ እስከ ቁርጭምጭሚት ወርዶ ስትሮጥ ይጠልፋታል፤ መቀነቱ ሽንት ቤት ለመሄድ የአዋቂ እርዳታ ይጠይቃል። ካሪን ላርሶን ለልጆቿ የተወችው የአውሮፓ ልብስ ችግሩ ይኸው ነበር፤ ልጅን ትንሽ አዋቂ አድርጎ ማየት። ውጤቱም ልጅቷ በዓሉ እንዳለቀ ቀሚሱን አውልቃ ወደ ካናቴራዋ መሮጧ ነው። ልብሱ ከሳጥን የማይወጣው ልጆች ባህላቸውን ስለጠሉ ነው የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኔ የማየው ምክንያት ሌላ ነው፤ ልብሱ ለልጅ አካልና ለልጅ ውሎ ገና አልተነደፈም።

የማይቻል ነገር አይደለም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 የመሠረተችው ለምለም የተባለው የልብስ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ በእጅ የተሸመነ ጥጥን ለዛሬ ሴቶችና ልጆች ልብስ ማዋል እንደሚቻል አሳይቷል። ሸማን ከጉልበት በላይ በሚቀር ሰፊ ቀሚስ፣ ጥለቱን በኪስ አፍና በእጅጌ ጫፍ፣ መቀነቱን በሚለጠጥ ወገብ መሥራት የሸማኔንም የልጅንም ክብር አይነካም። ለዘወትር የሚሆን ሸማ የሚለብስ ልጅ ስግድ ሲመጣ ነጩን ልብስ እንደ እንግዳ አይቀበለውም።

ሹራቡ ላይ የተጻፈው

የስካንዲኔቪያው ውል ሁሉን ልጅ ያካትታል የሚለው እምነት በጥር 2018 ክፉኛ ተፈተነ። ኤች ኤንድ ኤም በድረ ገጹ አንድ ጥቁር ወንድ ልጅ ጦጣን የሚጠቅስ ጽሑፍ ያለበት አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ የሚያሳይ ፎቶ አወጣ። ቁጣው በዓለም ዙሪያ ተሰማ፤ በደቡብ አፍሪካ የተቃወሙ ሰዎች ሱቆቹን ሰባበሩ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ልብሱን ከገበያ አነሣ።

ጉዳዩ የአንድ ሠራተኛ ቸልተኝነት ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ያ ሹራብ ከነዳፊው እስከ ፎቶ አንሺው፣ ከመራጩ እስከ ድረ ገጹ ኃላፊ ብዙ ዓይኖች አይተውታል። በእነዚያ ዓይኖች ውስጥ «ልጅ» የሚለው ሐሳብ ቀለም የለሽ ነበር፤ ቀለም የለሽ የመሰለውም በነጭ ልጅ አምሳል ስለታሰበ ነው። ለነጭ ልጅ ተራ ቀልድ የሆነው ቃል ጥቁር ልጅ ሲለብሰው የመቶ ዓመታት ስድብ ይሆናል። በ2015ና በ2019 በቆዳቸው ቀለም የሚደርስባቸውን በደል ለመቃወም አደባባይ ለወጡት ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ከታናናሾቻቸው መካከል አንዱ ያን ሹራብ ለብሶ ጋን ቢገባ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። የልጆች ልብስ ሂስ ስለዚህ ስፌትንና ጨርቅን መርምሮ መቆም አይችልም፤ ልብሱ በልጁ ላይ ምን እንደሚናገርም ማንበብ አለበት።

ሐዋሳ ላይ የሰፋችው

የመጨረሻው ጥያቄ የሠሪዋ ነው። ኤች ኤንድ ኤም በ2013 አካባቢ ከኢትዮጵያ ልብስ መግዛት ጀመረ፤ በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሀገሪቱን የዓለም የልብስ ስፌት መንደር ያደርጋታል ተብሎ ታሰበ። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት ግን የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጥናቱ ከታዩት አምራች ሀገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስትወጣ ያ ትንሽ ደመወዝ ራሱ ለብዙዎቹ አልጸናም።

በቤር ሼቫ የሚሸጥ የልጅ ልብስ የለባሹን ልጅ አያት የምትመስል አንዲት የሐዋሳ ወጣት የሰፋችው ሊሆን ይችላል። ማህ-ዮንግ በ1966 ሲጀምር ልብሱን እዚያው ስዊድን ያሰፋው የሠራተኛ መብት የውሉ አካል ነው ብሎ ስላመነ ነው። ስፌቱ ርካሽ እጅ ወዳለበት ሲሄድ ያ የውሉ ክፍል ከመንገድ ቀረ። አንዱ ልጅ በነጻነት እንዲሮጥ ሌላዋ ራሷ ገና ኮረዳ ሳለች ኪራይ የማይከፍል ደመወዝ የምትቀበልበት ዲዛይን የልጅ ወዳጅ ነኝ ሊል አይችልም።

መመዘኛው

ከላይ የታዩት ነገሮች ለማንኛውም የልጅ ልብስና ዕቃ አራት ጥያቄዎች ይሰጡናል። ልጁን ያንቀሳቅሰዋል ወይስ ያስረዋል? ከአየሩና ከቤቱ ኑሮ ጋር ይስማማል፣ ከታላቅ ወደ ታናሽስ ያለ ኀፍረት ይተላለፋል? ለባሹን ልጅ ከነቆዳው ቀለም ያከብራል? የሰፋችውስ ሴት በሥራዋ ትኖራለች? የፖላርን ኦ ፒሬት ካናቴራ ለመጀመሪያው ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል፤ የኤች ኤንድ ኤሙ ሹራብ በሦስተኛው ወድቋል። የሐበሻ ቀሚሳችን በሦስተኛው ጸንቶ በመጀመሪያው ይደክማል።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ድርሻ ግልጽ ነው። በሽኩና ቤት የልብስ ስፌት ያላቸው እናቶች፣ ከኢትዮጵያ ሸማ የሚያስመጡ ነጋዴዎች፣ በእስራኤል የዲዛይን ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የማኅበረሰቡ ወጣቶች አንድ ላይ ቢቀመጡ የነገቭን ፀሐይ የሚያውቅ፣ ለሸማኔው የሚከፍል፣ ልጅን በልጅነቱ የሚያለብስ ልብስ መንደፍ ይችላሉ። ጋኖችም በስግድ ዋዜማ ብቻ ከመጥራት ይልቅ እንዲህ ያለውን ልብስ ለዘወትር ውሎ ሊቀበሉት ይገባል። ኤለን ኬይ መልካም ነገር ለሁሉም ልጅ ይድረስ ስትል የሽኩና ቤት ልጅ በሐሳቧ ውስጥ አልነበረም። ሐሳቡ ግን እውነት ከሆነ ለእሱም ይሠራል፤ እንዲሠራለት የማድረጉ ኃላፊነት ደግሞ የእኛ ነው።