የሞሊ ጎልድበርግ መስኮት

በአሜሪካ አገር የስደተኛ ቤተ ሰብን ኑሮ በቴሌቪዥን ለሕዝብ ካቀረቡት አስቂኝ ቲያትሮች ከቀደሙት አንዱ «ጎልድበርጎች» የሚባለው ነው። ደራሲዋም ዋና ተጫዋቿም ወይዘሮ ገርትሩድ በርግ ናቸው። በ1929 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በራዲዮ ጀመሩት፤ በ1949 ዓ.ም. ወደ ቴሌቪዥን አሻገሩት። ነገሩ በኒው ዮርክ ከተማ፥ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር በኪራይ ቤት ስለሚኖሩ አይሁድ ነው፤ እነርሱም ባልዮው ጄክ፥ ሚስቱ ሞሊ፥ ልጆቻቸው ሳሚና ሮዛሊ፥ የሞሊም አጎት ዴቪድ ናቸው።

የጨዋታው ብልሃት ሁሉ በአንድ መስኮት ላይ የቆመ ነው። ሞሊ በመስኮቷ ብቅ ብላ ከማዶ ያለችውን ጎረቤቷን ትጣራለች፤ የአንዱ ቤት ጭንቀትም ሳይውል ሳያድር የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ቃሉን ከቦታው ታፈናቅለዋለች። ተመልካቹ በዚህ ይስቃል፤ ነገር ግን ሲስቅ ራሱን በእርሷ ጎን ቆሞ ያገኘዋልና ሳቁ ንቀት የለበትም። (ደራሲዋ በኒው ዮርክ ተወልደው ያደጉ ስለ ሆኑ ያ አነጋገር የራሳቸው አልነበረም፤ ይህም ጥበባቸውን ከፍ ያደርገዋል።) በዚሁ መስኮት ሞሊ ወደ ተመልካቹ ፊቷን መልሳ የጨዋታውን ወጪ የሚከፍለውን ኩባንያ ቡና ታመሰግን ነበር፤ ከጎረቤት ጋር በምታወራበት ቃና ስለምትናገር መካሪ እንጂ ሻጭ አትመስልም።

ስደተኛ ሰው በዓሉንና ወጉን ሳይጥል ለአዲሱ አገር ታማኝ ዜጋ ሊሆን ይችላል፤ የጨዋታው ቃል ይህ ነበር። ቃሉ የተፈተነው ግን ከመጋረጃው በስተ ኋላ ነው። በ1950 ዓ.ም. «ሬድ ቻነልስ» የተባለ ጽሑፍ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሰዎች የ151ዱን ስም አውጥቶ በኮሙኒስትነት ጠረጠራቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ጄክን ሆነው የሚጫወቱት ፊሊፕ ሎብ ነበሩ። ሎብ የማኅበሩ አባል አይደለሁም ቢሉም፥ ቡና ሻጩ ኩባንያ ጄኔራል ፉድስ እንዲባረሩ ጠየቀ። ወይዘሮ በርግ እምቢ አሉ። ኩባንያውም መክፈሉን ተወ፤ ሲቢኤስም በ1951 ዓ.ም. ጨዋታውን አቆመ። በሚቀጥለው ዓመት በኤንቢሲ ሲመለስ ሞሊ ያችው ሞሊ ነበረች፤ ባሏ ግን ሌላ ሰው ነበር። ሎብ በ1955 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ወይዘሮ በርግን በዚህ መክሰስ ቀላል ነው፥ ነገር ግን ፍርድ አይሆንም፤ በዚያ ዘመን እንደ እርሳቸው ለጥቂት ጊዜ እንኳ እምቢ ያለ አሠሪ ብዙ አልነበረም። ይልቅስ ሊነቀፍ የሚገባው ከዚያ በኋላ የመጣው ድርሰት ነው። በዚያው በ1955 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ ከብሮንክስ ተነሥቶ ሃቨርቪል ወደ ተባለች፥ በደራሲዋ አሳብ ወደ ተፈጠረች የከተማ ዳርቻ መንደር ተዛወረ። በአንዱ ክፍል ሮዛሊ አፍንጫዋን በሐኪም እጅ ለማስተካከል ትመኛለች፤ ቤቱም ይታወካል። ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር፤ ልጅቱ የምትሸሸው የእናቷን መልክ ነውና። ድርሰቱ ግን ቁስሉን ነክቶ በሳቅ ያልፈዋል። ቤት ከቤት በተራራቀበት መንደር ሞሊ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትጣራው ጎረቤት የለም፤ ጨዋታውም ጉልበቱ የነበረው በዚያ ጥሪ ነበር። በ1956 ዓ.ም. አበቃ። ሥራውን ሊያይ የሚወድ ሰው ሎብ ከተጫወቱባቸው፥ ከተረፉት የብሮንክስ ክፍሎች ቢጀምር ይሻለዋል።